ራፕ ሲነሳ ቀለሙ አብሮ ይመጣል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም ስለ መኪና ራፕ፣ ማለትም መኪናን በሙሉ ወይ በከፊል ስቲከር ስለማልበስ፣ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። እኔ ስራዬ ይሄው ስለሆነ፣ ጠዋት ስለጥፍ ከሰዓት ስልጥ ነው የምውለው፣ መልሱን እኔ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ቀለሜ ይበላሻል ወይ የሚለው ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ፣ 2003 ሞዴል፣ በሜትር ታክሲ ነው የምሰራባት። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ይዟታል። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ሙሉ ላስቀባ ስል የተጠየቅኩት ብር ስለከበደኝ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ፣ ጥቁር ስቲከር ላለብሳት አሰብኩ። ጓደኞቼ ግን ስቲከሩ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ነው የሚነሳው እያሉ አስፈራሩኝ። እውነት ነው? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ያሉህ ውሸት አይደለም፣ ግን ጥፋቱን ስቲከሩ ላይ ብቻ መጣል ልክ አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም ብለን የምንጠራው ነገር ድርብርብ ነው፣ ከታች ቆርቆሮው፣ ከሱ ላይ ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመር፣ ከዛ ቀለሙ፣ ከላይ ደሞ ክሊሩ፣ ማለትም የሚያብለጨልጨው ግልጽ ሽፋን። ስቲከሩ የሚይዘው ክሊሩን ነው። ስትስበው ሁሉም ተያይዘው ይሳባሉ፣ ከመካከላቸው መያዣው የላላው የቱ ነው፣ እዛ ጋ ነው የሚለቀው። ፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለሙ በ140 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ስለሆነ ቆርቆሮውን ጥርስ አውጥቶ ነው የያዘው፣ ስለዚህ የሚለቀው የስቲከሩ ሙጫ ይሆናል፣ ቀለሙ ንክች አይልም። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ተቀብቶ በፀሐይ የደረቀ ቀለም ግን እንደዛ አይይዝም፣ በተለይ ቀቢው አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ሳይፍቅ ላዩ ላይ ከደረበበት ወይ ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበትን ሊጥ፣ ካበዛበት።

አንድ ጊዜ ከነጭ ኮሮላ ላይ ስቲከር እያነሳሁ ነው፣ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሟል፣ በሮቹ ንጹህ ሆነው ወጡ፣ ኮፈኑም ንጹህ፣ የግራ ፓራፋንጎ ላይ ስደርስ ግን ስቲከሩ ከወትሮው ከበድ ብሎ መጣብኝ፣ ቆም ብዬ ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቀለም ተለጥፎበታል፣ የለቀቀው ቦታ ላይ ደሞ ሮዝማ ስቱኮ ፈጦ ወጣ። ሰውዬው መኪናው ተጋጭቶ እንደሚያውቅ ያወቀው ያኔ ነው፣ ሲገዛ ማንም አልነገረውም። ድንጋጤው እስካሁን አይኔ ላይ አለ፣ እኔም ከዛ ቀን ወዲህ ሳልመረምር የለጠፍኩት መኪና የለም።

አንተም ቪትዟን ክፍል በክፍል መርምራት፣ ምክንያቱም አንድ መኪና ላይ ጣራው የፋብሪካ ሆኖ በሩ ሶስት ጊዜ የተቀባ ሊሆን ይችላል። የቀለም ውፍረት መለኪያ የምትባል በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሳሪያ አለች፣ ያገለገለ መኪና የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አትጠፋቸውም። የፋብሪካ ቀለም ላይ ስታሳርፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ማይክሮን ታነባለች (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ 250 ወይ 300 ካለችህ ተደርቦ ተቀብቷል ማለት ነው፣ 800ና 1000 ከገባች ደሞ ስሩ ስቱኮ አለ። መሳሪያዋ ከሌለህ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቆርቆሮው ላይ አንሸራት፣ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ መያዣው ይላላል። ፓራውርቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ሁለቱም እዛ አይሰሩም፣ እሱን በአይን ነው የምታየው። የበሩን ጎማ ገለጥ አድርገህ ጠርዙ ላይ የቀለም ብናኝ ካለ፣ የኮፈኑና የፓራፋንጎው ብሎኖች አናታቸው ከተነካካ፣ ተቀብቷል።

ከዛ በኋላ የስኮች ሙከራ አድርግ። ጠንከር ያለ ማሸጊያ ስኮች በማይታይ ቦታ ላይ ለጥፈህ በአውራ ጣትህ ጥብቅ አድርገህ እሸው፣ ትንሽ ቆይተህ ፈጠን አድርገህ ንቀለው። ቀለም ወይ ክሊር ይዞ ከመጣ ጉዳዩ አለቀ፣ እዛ ክፍል ላይ ስቲከር አይለጠፍም። ምንም ሳይዝ ቢመጣም ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ የራፕ ሙጫ እየቆየ ሲሄድ ከስኮች በላይ ነው የሚይዘው፣ ግን ዋና ዋናውን አደጋ ያሳይሃል።

ደብዝዟል ያልከውን ደሞ ጠጋ ብለህ እየው። በጣትህ ስታሸው ዱቄት የሚለቅ ከሆነ ላዩ ሞቷል፣ መጀመሪያ ፖሊሽ ተደርጎ ዱቄቱ ሙልጭ ብሎ መጽዳት አለበት፣ ያለዛ ስቲከሩ የሚይዘው ዱቄቱን ነው። ክሊሩ እንደ ተቃጠለ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ግን በጭራሽ አታልብሳት። ፊልሙ፣ ስቲከሩን ማለቴ ነው፣ ከነሙጫው 80 ወይ 90 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ የተላጠው ጠርዝ በሙሉ ከስሩ ይታያል፣ ስታነሳውም የቀረውን ክሊር ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ቀለም ላለመቀባት ብለህ ከሆነ እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፣ የተበላሸ ቀለም ራፕ አይደብቀውም። ሁለት ሶስት ክፍል ብቻ ከሆነ የተበላሸው እነሱን በስርዓቱ አስቀባና ቢያንስ አንድ ወር ጠብቅ፣ አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ቶሎ ከሸፈንከው መውጫ ያጣና ስቲከሩን እንደ ፊኛ ያስነሳዋል፣ ብትወጋውም ተመልሶ ይነፋል። ለጣፊህ ይሄን ሁሉ ሳያይ ዋጋ ብቻ ተናግሮ ነገ አምጣት ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ።

ጥያቄ፦ ልጄ የቤት መኪናዬን ቀዩን በግራጫ ላልብሰው ብሎ አስቸገረኝ። ሊብሬው ላይ ቀይ ነው የሚለው፣ መንገድ ላይ አያስቆሙኝም ወይ? (ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ መጠየቅዎ በጣም ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን የሚያስታውሰው ከለጠፈ በኋላ ነው። ራፕ ተነቃይ ነው ቢባልም መንገድ ላይ ለሚያየው ሰው መኪናዎ ግራጫ ነው፣ ሊብሬው ደግሞ ቀይ ይላል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ልጅዎ ስቲከሩን ከመግዛቱ በፊት ቦሎ የሚያወጡበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው የቀለም ለውጥ እንዴት እንደሚመዘገብ ይጠይቁ፣ ኢንሹራንስ የገቡበት ቦታም ያሳውቁ። ፈቃዱ በእጅዎ ከገባ በኋላ ይለጠፍ። ልጅዎ ደግሞ በሮቹ ሲከፈቱ ውስጡ ቀይ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁት፣ የበሩን ውስጥ ማልበስ ሌላ ስራ ሌላ ዋጋ ነው፣ ቀይና ግራጫ ደሞ በጣም ይለያያል።

ጥያቄ፦ ትንሽ የዳቦና የኬክ ቤት አለኝ። ማከፋፈያ መኪናዬ ጎኑ ላይ ከ4 ዓመት በፊት የቤቴን ስምና የኬክ ፎቶ ያለበት ትልቅ ስቲከር አስለጥፌ ነበር። አሁን ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ሰራተኞቼ ሊያነሱት ሲሞክሩ ጥፍር ጥፍር የሚያህል እየሆነ ይቆረጣል፣ በቢላ ሲፍቁ ቀለሙን ጫሩት። አንድ ሰው በቲነር እናጥበው አለኝ። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቲነሩን አስቁሚ፣ ቢላውንም ተቀበያቸው። ቲነር ሙጫውን ሲያሟሟ ክሊሩንም ያለሰልሰዋል፣ መኪናው ጋራዥ ተቀብቶ የሚያውቅ ከሆነማ ቀለሙን በጨርቁ ላይ ይዞልሽ ይመጣል።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርሽ፣ ለሚቀጥለው ይጠቅምሻልና። ገበያ ላይ ሁለት አይነት ፊልም አለ። አንዱ ካስት የሚባለው ነው፣ ፈሳሹ ተዘርግቶ ፈስሶ በምድጃ የደረቀ፣ ሳይጎተት የተሰራ ስለሆነ ተለጥፎም አርፎ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛው ካሌንደርድ የሚባለው ነው፣ ይሄ በጋሉ ሮለሮች መሃል እየተዳመጠና እየተለጠጠ ነው የሚሰራው፣ እንደ ሊጥ ማለት ነው፣ አንቺ ስራሽ ስለሆነ ታውቂዋለሽ፣ ሊጥ ዳምጠሽ ስትለቂው ወደ ራሱ ይሰበሰብ የለ? ይሄም ተለጥፎ ወር በወር እየተሰበሰበ ይሄዳል። የስቲከርሽን ጠርዝ ብታይው ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይኖረዋል፣ እሱ ፊልሙ ሲሰበሰብ ወደ ውጭ የቀረው ሙጫ ነው፣ አቧራ ይዞ ነው የጠቆረው። ካሌንደርዱ ርካሽ ስለሆነ ለማስታወቂያ ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚለጥፉት፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ለአንድ ሁለት ዓመት ቢሆን ምንም አይልም፣ 4 ዓመት የአዳማ ፀሐይ ላይ ግን አርጅቶ እንደ ብስኩት ይሰበራል።

አሁን አነሳሱ። ሙቀትና ትዕግስት ነው የሚፈልገው። መኪናውን ከረፋዱ ጀምሮ ስቲከር ያለበትን ጎን ለፀሐይ ሰጥተሽ አቁሚው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ቆርቆሮው ራሱ ይሞቃል፣ ይሄ ከስር የሚመጣ ሙቀት ሙጫውን በእኩል ስለሚያላላው ከማንኛውም መሳሪያ ይሻላል። ከዛ ትኩስ አየር በሚነፋው ሂት ጋን፣ ከሌለ የፀጉር ማድረቂያም ይሆናል፣ አንድ ክንድ የምትሆን ቦታ ብቻ እየወሰዳችሁ አሙቁ፣ 60 ዲግሪ ገደማ በቂ ነው፣ እጅ ስታሳርፊበት ቶሎ የሚያስነሳሽ ግን የማይልጥሽ ሙቀት በይው። ሂት ጋኑ አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆም፣ ሁሌ እየተንቀሳቀሰ። ጠርዙን በፕላስቲክ ካርድ አስነሱና ወደ ራሱ እጥፍ አድርጋችሁ፣ የተላጠው ገና ባልተላጠው ላይ ተኝቶ ማለት ነው፣ ዝግ ብላችሁ ሳቡት። ወደ ራሳችሁ ቀጥ አድርጎ መጎተት ነው ቀለም የሚያስነሳው፣ ምክንያቱም ጉልበቱ በሙሉ ቀለሙን ወደ ላይ ነው የሚመነግለው። እየተቆረጠ ካስቸገረ ወይ በጣም በርዷል ወይ በጣም ግሏል፣ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የሚረዝምበትን ፈልጉ። እንደተሰነጠቀው ከሆነ ግማሹ በቁርጥራጭ ነው የሚወጣው፣ የአንድ ጎን ስራ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሰራተኞቹን አታጣድፊያቸው።

የሚቀረውን ሙጫ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ከዛ በለስላሳ ጨርቅና በፕላስቲክ መፋቂያ፣ ካልለቀቀ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ያለበት የሙጫ ማስለቀቂያ ይሸጣል፣ እሱን መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩት። ሲያልቅ በሳሙና ታጠቡት።

ስቲከሩ ሲነሳ ስምሽ ቀለሙ ላይ ጥላ ሆኖ ቢቀር አትደንግጪ። ከስሩ የነበረው ቀለም ፀሐይ አላገኘውም፣ ዙሪያው ነው የደበዘዘው። ፖሊሽ ልዩነቱን ይቀንሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ግን ይችላል። በቢላ የተጫረውን ቦታ ቆርቆሮ ድረስ ደርሶ እንደሆነ እዩትና ክረምት ሳይገባ በፕራይመርና በጥቂት ቀለም አስዘጉት፣ ዝገት ከዛች ጭረት ነው የሚጀምረው። ለአዲሱ ደሞ ካስት በይ፣ ጥቅሉን ወይ የጀርባ ወረቀቱን አሳዩኝ በይ፣ ጥሩ ፊልም የአምራቹ ስም እዛ ላይ ታትሞበታል፣ እንደ 3ኤም ወይ ኤቨሪ ዴኒሰን ያሉት ለካስት ፊልሞቻቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። እንደገና እንዳይደርቅብሽ በፎቶው ላይ ላሚኔት የሚባል ግልጽ መከላከያ ሽፋን ይደረግበት።

ጥያቄ፦ አዲስ ቢዋይዲ ገዛሁ። ገና ከእሽጉ ስለወጣ ቀለሙን ለመጠበቅ ብዬ ራፕ ላድርገው ወይስ ፒፒኤፍ የሚሉትን? (ከቦሌ)

መልስ፦ ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ ፒፒኤፍ፣ የቀለም መከላከያ ፊልም ማለት ነው። እሱ ከፖሊዩሬቴን የሚሰራ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚሆን ወፈር ያለ ፊልም ነው፣ ጠጠር ሲመታው ምቱን ይውጠዋል። ራፕ ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ቀጭን ነው፣ መልክ ለመቀየር ነው የተሰራው፣ ከቀላል ጭረትና ከፀሐይ ያድናል እንጂ የመንገድ ጠጠር አይመክትም። ብር ካጠረ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራውርቱንና ስፖኪዮዎቹን ብቻ ፒፒኤፍ ማድረግ ትችላለህ። ቀለምህ የፋብሪካ ስለሆነ ሁለቱም ሲነሱ አያስፈሩም። ብቻ ከጉዞ ላይ ተጭሮ ተጠግኖ የመጣ ክፍል ካለ ሻጩን ጠይቀህ እርግጠኛ ሁን። ፓርኪንግ ሴንሰሮቹና ካሜራዎቹ እንዳይሸፈኑ፣ ከፓራውርቱ ጀርባ ራዳር ካለው ደሞ ክሮም ወይ ብረትማ ፊልም እዛ ላይ አይለጠፍ፣ ራዳሩን ያደናግረዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ራፕ እየተለማመድኩ ነው፣ 5 ወሬ ነው። ችግሬ ምላጭ ነው። ጠርዝ ስቆርጥ እጄ ይከብዳል መሰለኝ ባለፈው ያለበስኩት መኪና ስቲከሩ ተሳስቶ ሲነሳ በሩ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ተቆርጦ አየሁት። አለቃዬ በጣም ተቆጣኝ፣ እኔም አፈርኩ። እጄን እንዴት ላስተካክል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስላመጣህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሙጫውን ነው የሚፈራው፣ እኔ ካየሁት ግን ጥሩ ቀለም ያላቸውን መኪናዎች የሚያበላሸው ምላጭ ነው። ስቲከሩ እስካለ ድረስ ማንም አያየውም፣ ሲነሳ ነው የሚታየው፣ እስከዛ ደሞ ውሃ በመስመሩ ገብቶ ዝገት ጀምሯል። እስቲ ይታይህ፣ ክሊር ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ የሰው ፀጉር ራሱ ከዛ ይወፍራል። ከላዩ ያለው ፊልም 90 ማይክሮን። አንተ እየቆረጥክ ያለኸው ፀጉር የሚያህለውን ቆርጠህ ከፀጉር የቀጠነው ላይ ለመቆም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት መኪናው ላይ አለመቁረጥ ነው። መቆረጥ ያለበትን ቁጥር ቀንስ። የበር እጀታ፣ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ አርማ፣ የመስኮት ጎማ፣ የሚፈታ ነገር ሁሉ ይፈታ። ብዙ ልጆች እጀታ መፍታት ስለሚሰለቻቸው ዙሪያውን በምላጭ ይዞሩታል፣ ያቺ ክብ ጭረት ናት በኋላ የምታሳፍረው። አርማ በሙጫ የተያያዘ ከሆነ አሙቀህ በዓሣ ማስገሪያ ክር ከጀርባው እየገዘገዝክ ታወጣዋለህ። የበር ጠርዝ ላይ ፊልሙን ወደ ውስጥ 1 ሳንቲ ያህል አጥፈህ አስገባና ትርፉን ከውስጥ በኩል ቁረጠው፣ ውጭ ላይ ምላጭ አይታይም።

ሁለተኛው፣ ናይፍለስ ቴፕ የሚባለውን አስገዛ። ቀጭን ቴፕ ነው፣ ውስጡ ክር አለው። መቁረጥ በምትፈልገው መስመር ላይ ቀድመህ መኪናው ላይ ትለጥፈዋለህ፣ ፊልሙን ከላዩ ታለብስና በስኩዊጂ፣ ማለትም በፕላስቲክ መጫኛው፣ ደህና አድርገህ ታሳርፈዋለህ፣ ከዛ የክሩን ጫፍ ይዘህ ወደ ራስህ ትስበዋለህ፣ ክሩ ፊልሙን ከስር ወደ ላይ እየቆረጠ ይወጣል። ቀለሙን የሚነካ ስለት የለም። ትርፉን አንስተህ የቴፑን ቅሪት ታወጣና ጠርዙን አሙቀህ ታሳርፈዋለህ። ጫፉን በቂ ርዝመት አስተርፈው፣ ክሩ ፊልሙ ስር ከጠፋብህ ምላጭ ልታወጣ ነው። ዋጋው ወደድ ይላል ግን በር ማስቀባት ከሱ በጣም ይወደዳል፣ ለአለቃህ ይሄን አስረዳው።

ሶስተኛው፣ የግድ ምላጭ ካስፈለገ ባለ 30 ዲግሪ ሹል ምላጭ ያዝ፣ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ስበረው። ደንዝዞ ሳለ ነው ሰው የሚጫነው፣ ሲጫን ነው ቀለም የሚቆረጠው። እጀታውን እንደ እርሳስ ያዘው፣ የምላጩ ክብደትና የጣትህ ክብደት ብቻ። ፊልሙን በጥቂቱ ማስነካት በቂ ነው፣ ግማሹ ከተቆረጠ በኋላ ስትስበው በመስመሩ ራሱ ይቀደዳል። የሁለት ክፍል ክፍተት መሃል ስትቆርጥ ምላጩ ክፍተቱ ውስጥ አየር ላይ ይሂድ፣ የአንዱን ክፍል ግድግዳ ተደግፎ አይሂድ።

እጅህን ማስተካከል የምትችለው ደሞ ደንበኛ መኪና ላይ አይደለም። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኮፈን ለምነህ አምጣ፣ ቁርጥራጭ ፊልም እየለጠፍክ ቁረጥ፣ አንሳውና መስመሩን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዘው ከሆነ ከብዷል። እኔ ራሴ ጥፍሬን የማይዝ መስመር እስካገኝ ድረስ ሳምንታት ነው የፈጀብኝ፣ የማፈር ነገር የለበትም፣ የተለማመድክበት ኮፈን ላይ አንድ መቶ መስመር ይኑር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ ስለ ሂት ጋን። ፊልሙን ስቦ ማለጠጥና ጎድጓዳ ውስጥ ማስገባት ካለብህ ስታበቃ ያንን ቦታ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ማሞቅ እንዳለብህ ታውቃለህ፣ ያለዛ ፊልሙ የተሳበውን አስታውሶ ይመለሳል። ይሄን ደሞ ሳይነካ በጨረር በሚለካ ቴርሞሜትር እያየህ አድርገው እንጂ በግምት አታድርገው። ጋራዥ የተቀባ ክፍል ላይ ወይ ስቱኮ ላይ እዛ ድረስ አፍጥጠህ ካሞቅክ ቀለሙ ይነፋል፣ ፓራውርት ላይ ከቆየህ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ የያዝኩት መኪና አለኝ፣ ጋራዤ ውስጥ እኔው ራሴ ኮፈኑንና ጣራውን ጥቁር ላለብስ ነው። አሁን ክረምት ነው፣ ብርድ ችግር አለው? (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ በጣም አለው። ቪኒል ሲበርደው ይገትራል፣ ሙጫውም አይነቃም፣ እያሞቁ ማስገደድ ውስጥ ትገባለህ። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ክፍል ነው የሚመቸው። ዋናው ደሞ የክፍሉ አየር ብቻ ሳይሆን የቆርቆሮው ሙቀት ነው፣ መኪናውን ማታ አስገብተህ ማሞቂያውን ለኩሰህ አሳድረው። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው በየክፍተቱ ስለሚገባ አጥበህ፣ የተጣበቀ ቆሻሻ በሚያነሳው ለስላሳ ሸክላ፣ ክሌይ ባር የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ላዩ እንደ ብርጭቆ እስኪለሰልስ አሽተህ፣ ሰም ካለ አስለቅቀህ፣ በመጨረሻ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበህ ጥራጊ በማይለቅ ጨርቅ ጥረገው። ከኮፈኑ ጠርዝ ስር ጨርቁን አዙረህ ጥረግ፣ ስቲከር የሚለቀው ሁሌ ከዛ ነው፣ እጥፋቱ ጋ የተረሳ ቆሻሻ ላይ። ለጀማሪ ጣራና ኮፈን መምረጥህ ጥሩ ነው፣ ስፖኪዮና ፓራውርት ግን ለሌላ ጊዜ ይቆዩህ። የጣራው ስፋት ለአንድ ሰው ስለሚከብድ አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልህ። ሊዝ ስለሆነ ውሉን አንብብ፣ ከመመለስህ በፊትም በሞቀ ቀን አንሳው እንጂ መልሰህ በምትሰጥበት ሳምንት በጥድፊያ አታድርገው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታቸው ጣራና ኮፈን ከጎኖቹ በጣም ቀድመው ነው የሚያረጁት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ላዩን በደንብ ተመልከተው፣ ድርቀት ወይ ደቃቅ ስንጥቅ ካየህ ያን ጊዜውኑ አንሳው። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይመለከታችኋል፣ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነን፣ በየ1000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ፊልሙ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ለጣራችሁ እንዳለ አትቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ራፕ ያደረግኩትን መኪና ላቫጆ ማስገባት እችላለሁ? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ ትችላለህ፣ ከተለጠፈ አንድ ሳምንት እስኪሞላው ግን ውሃ አታስነካው፣ ሙጫው መያዣውን እያጠነከረ ነው። ከዛ በኋላ ልጆቹን አስቀድመህ ንገራቸው፣ የግፊት ውሃውን ከ30 ሳንቲ አያስጠጉት፣ ጠርዝ ላይ ደሞ ከጎን አግድመው አይርጩት፣ ቀጥ አድርገው ይርጩት፣ ከጎን የገባ ውሃ ስቲከሩን ልክ እንደ ቅጠል ነው የሚገልጠው። በላምባ ወይ በቤንዚን እንዳይጠርጉት፣ ነዳጅ ስትሞላም ከአፉ የተንጠባጠበውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ማት ከሆነ ሰምና ፖሊሽ አይነካካው፣ ያብለጨልጭና ቦታ ቦታ ይይዛል። ጠርዝ ተነስቶ ካየህ በእጅህ አትጫነው፣ አቧራውን አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገህ፣ ሞቅ አድርገህ፣ ከዛ አሳርፈው።